እርስዎ እያሉ ማን ይያዛት?

የልጅ ግንባር በእኛ አገር የግል ንብረት አይደለም። ልጁ የእኔ ነው ብላችሁ ትከራከሩ ይሆናል። ስም ያወጣችሁለት፣ ያስከተባችሁት፣ እንቅልፍ ያጣችሁለት እናንተ ናችሁ፤ ልክ ናችሁ። ያተኮሰው ዕለት ግን ግንባሩ የሰፈሩ ነው። በበራችሁ የገባ ሁሉ ሰላምታውን ሳይጨርስ የእጁን ጀርባ ይለጥፍበታል፤ ዓይኑን ወደ ጣራው ሰቅሎ ትንሽ ያስባል። ከዚያ ይፈርዳል።

ፍርዱ እንደ ዳኛው እጅ ነው። ልብስ ስታጥብ የቆየች ጎረቤት በበረደ እጇ ትነካውና «ኸረ ይኼ ልጅ እሳት ሆኗል!» ብላ ትጮኻለች። እሷ ወጥታ ዳቦ ቤት የሚሠራው ባሏ ይገባና «የምን ትኩሳት ነው? እንዲያውም ቀዝቅዟል» ይላል፤ አሁን ደግሞ በመቀዝቀዙ ትደነግጣላችሁ። በእጁ የማያምን ጉንጩን ያስጠጋል። በጉንጯ የማታምን በከንፈሯ ትስማለች። እናንተ መሀል ላይ ቆማችሁ ልጄ ታሟል ወይስ ድኗል ስትሉ፣ መልሱን የሚያውቀው ቀጥሎ የሚገባው ሰው ነው።

ቴርሞሜትር የሚባል ዕቃ መኖሩን አውቃለሁ። እኛም ቤት አለ። ሚስቴ ሀያት ሠርታ ከጅዳ ስትመለስ ያመጣችው ነው፤ ልጃችን ያተኮሳት ሰሞን ግን ባትሪው አልቆ ነበር። የእኔ ሥራ ደግሞ ምን መሰላችሁ? ሞባይል ጥገና። የሐይቅን ሕዝብ ባትሪ ስቀይር የኖርኩ ሰው ለዚያች ቀጭን ዕቃ የምትሆን፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ባትሪ ፍለጋ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ዞርኩ። የለም። በዚያ ሰሞን «የለም» ሳይል የሚውል ባለሱቅ አልነበረም።

የትኛው ሰሞን እንደሆነ ልንገራችሁ። ጦርነቱ ከወልድያ ወዲህ አልፎ በአምባሰል ተራሮች በኩል ወደኛ የቀረበበት ሰሞን ነው። ኔትወርክ የለም፤ መብራት የለም፤ ስለዚህ የሚጠገን ሞባይልም የለም። እኔ ግን ከልማድ ሱቄን እየከፈትኩ በራፉ ላይ እቀመጣለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለውጥ መጣ የተባለ ጊዜ እዚያው በራፍ ላይ በድምጽ ማጉያ ዘፈን ከፍቼ ከማላውቀው ሰው ጋር ተቃቅፌ ዘልያለሁ። አሁን እዚያው በራፍ ፊት ለፊት ፍራሽ ያዘለ፣ ፍየል የሚጎትት፣ ልጅ ያንጠለጠለ ሰው ወደ ደሴ ያልፋል። ከዚያኛው ወደዚህኛው በየት በኩል እንደመጣን የገባው ሰው ካለ ይንገረኝ። እኔ ያኔ ግራ ገብቶኝ ነበር፤ አሁንም ግራ እንደገባኝ ነው።

በዚያ መንገድ ከመጡት አንዷ አማቴ ናቸው። እትየ ዘሐራ ይባላሉ፤ ቤታቸው ውጫሌ ነው። አንዲት ዶሮ ታቅፈው፣ የቤታቸውን ቁልፍ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው በእግራቸው ደረሱ። ለምን ዶሮዋን ብቻ ብንላቸው «ሌላውማ እምቢ አለኝ» አሉ። ቤታችን ውስጥ ድሮም እናቴ ጥሩነሽ አለች። እኔ የቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ያደግሁ፣ ሀያት የሼህ ልጅ። ወሎን ለሚያውቅ ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ለማያውቅ ቁጭ ብዬ ባስረዳውም አልጨርስለትም።

ሁለቱ ሴቶች በሃይማኖት ተጣልተው አያውቁም። እናቴ ዙህር ሲደርስ «እትየ ዘሐራ፣ ሰላትዎ እንዳያልፍዎ» ብላ የውዱዕ ውሃ ታቀርባለች። አማቴ ረቡዕና ዓርብ «ኸረ እትየ ጥሩነሽ ጾመኛ ናቸው፤ ወተቱን ከፊታቸው አንሱ» ይላሉ። ያስቸገረን ክብሩ ነው። እናቴ የቤቱ ባለቤት ናትና እንግዳ ሳይቀምስ አትቀምስም። አማቴ እንግዳ ናቸውና የቤቱ ባለቤት ሳትጀምር አይጀምሩም። «ይቅደሙ»፣ «ኸረ እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ወላሂ አይሆንም»፣ «በማርያም አይሆንም» ሲባባሉ ሽሮው ቆዳ ያወጣል። አንድ ቀን ደጅ ቆይተው ሲመለሱ ዝናብ ያዛቸውና በሩ ላይ «እርስዎ ይግቡ» ተባብለው ሁለቱም ረጥበው ገቡ። ያውም ሀያት ከኋላ ገፍታቸው ነው።

ወደ ልጃችን ልመለስ። ሀናን ትባላለች፤ ገና ወደ ሁለት ዓመቷ እየተጠጋች ነበር። አማቴ «ሀናን» ይሏታል፣ እናቴ «ሀና» ትላታለች፤ እሷ ለሁለቱም ዞር ትላለች። አንድ ቀን ጧት አስነጠሳት። ረፋድ ላይ አፍንጫዋ መፍሰስ ጀመረ፤ ከዚያ ሳል ተከተለ። ከሰዓት በኋላ ጉንጯ በርበሬ መሰለና እናቷ ጉያ ውስጥ ገብታ ዝም አለች። ለወላጅ ከለቅሶ የከፋው ይኼ ዝምታ ነው።

ጤና ጣቢያው ተዘግቷል። እግዜር ሲረዳን ግቢያችን ውስጥ የተከራየች ነርስ ነበረች፤ ሲስተር መቅደስ። ደረቷን አዳመጠች፣ ጆሮዋን አየች፣ ጉሮሮዋን አየች፤ ከዚያ «ጉንፋን ነው» አለች። «የቫይረስ ነገር ነው፤ በራሱ ጊዜ ይሄዳል። ትኩሳቱ ጥቂት ቀን ይመላለስባታል። ፈሳሽ ቶሎ ቶሎ ስጧት፤ ይኼን ሁሉ ልብስ አውልቁላት። ትንፋሿ ከፈጠነ፣ መጠጣት እምቢ ካለች፣ ካንቀጠቀጣት ወይም አልነቃ ካለች በየትኛውም ሰዓት ጥሩኝ።» እጇ ላይ ከቀረው የትኩሳት ሽሮፕ ለሀናን ክብደት የሚሆነውን ለክታ ሰጠችና አሰጣጡን ለሀያት አስረዳች።

«እሽ፣ ሌላስ?» አለች እናቴ።

«ሌላው መጠበቅ ነው» አለች ሲስተር መቅደስ።

ቤቱ ውስጥ ቅሬታ ገባ። መርፌ ብትል ኖሮ ይከበር ነበር። በየሰዓቱ የሚዋጥ ቀይና ቢጫ ክኒን ብትል ሰፈሩ ሁሉ ያደንቃት ነበር። መጠበቅ ግን ምን ዓይነት መድኃኒት ነው? በዚያ ላይ የዚያን ሰሞን ከተማው በሙሉ ሌላ ሥራ አልነበረውም። መኪና እንጠብቃለን፣ ወሬ እንጠብቃለን፣ ወሬው ውሸት ነው የሚል ሌላ ወሬ እንጠብቃለን። ለልጄም ደርሶ ጠብቅ ስባል ሆዴ እምቢ አለኝ።

ትኩሳት ደግሞ የሚያምኑት ነገር አይደለም። ጧት ይወርድና ሀናን ዶሮዋን ታባርራለች፤ እኛም እልል ልንል ምንም አይቀረን። ከምሳ በኋላ ተመልሶ ይወጣና ትዝለፈለፋለች። ወረደ ብዬ ሱቄን ልከፍት እሄዳለሁ፤ ወጣ ብለው ይጠሩኛል። ሳይጠሩኝ ሲቀሩ ደግሞ ለምን አልጠሩኝም ብዬ ሮጬ እመለሳለሁ።

የአያቶቹ ምርመራ በበኩሉ ተጀምሯል። እናቴ ብርድ ነው አለች፤ ጋቢ አለበሰቻት። አማቴ ምች ነው አሉ፤ ዳማከሴ አሽተው አፍንጫዋ ሥር አሸተቷት። ሀያት ገብታ ጋቢውን ትገፋለች፤ ዞር ስትል ጋቢው ይመለሳል፤ በላዩ ላይ የአማቴ ሻርፕ ይጨመራል። ልጂቱ ላይ በአንድ ከሰዓት በጋና ክረምት ሲፈራረቅ ዋለ። እኔም አንዴ ሳለብስ አንዴ ሳወልቅ፣ ማለትም የገባ ሰው ሁሉ የነገረኝን ሳደርግ ዋልኩ።

ለጸበል የተላክሁት እኔ ነኝ፤ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አይገባምና። በእግሬ ስሄድ ጀልባዎቹ ሁሉ ዳር ተጎትተው ወጥተው ነበር፤ ዓሣ የሚያጠምድ አልነበረም። ጸበሉን የሰጡኝ አባት የማንና ምን የሆነች ልጅ እንደሆነች ጠየቁኝና «ሐኪም አይቷታል?» አሉኝ። አይቷታል አልኳቸው። «ምን አለ?» ጠብቁ አለ አልኳቸው። እሳቸውም ጥቂት አሰቡና «እንግዲህ ጸበሉን ረጭታችሁ ጠብቁ» አሉኝ። ከቤት የሸሸሁት ምክር ገዳም ድረስ ቀድሞኝ ሄዷል። ጸበሉን ይዤ ስደርስ አማቴ ቆመው ተቀበሉኝ፤ እናቴ ደግሞ «ቆይ፣ እትየ ዘሐራ ዱዓቸውን ይጨርሱ» ብላ ብልቃጡን ከእጄ ወሰደች።

በማግስቱ ሀናን እህል አልቀምስም ብላ አለቀሰች። እናቴ አፏን ወደ ብርሃኑ አዙራ አየች። አማቴም አዩ። ሁለቱ ቀና ብለው ተያዩ፤ በነዚያ ቀናት በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «እንጥሏ ወርዷል» አሉ። «መቆረጥ አለበት።»

እንጥል ጉሮሮ መግቢያ ላይ የተንጠለጠለችው ትንሽዬ ሥጋ ናት። በእኛ በኩል ልጅ ሲያስል፣ ሲያተኩስና ምግብ እምቢ ሲል ጥፋተኛዋ እሷ ናት ይባልና ትቆረጣለች። የእኔም በልጅነቴ ተቆርጣለች። ከዚያ ወዲህ ጉንፋን ይዞኝ አያውቅም ብላችሁ ደስ ባለኝ፤ በየዓመቱ ይይዘኛል። ይህንን ለእናቴ ባስታውሳት «ባትቆረጥማ ትሞት ነበር» አለችኝ። እነሆ አልሞትኩም።

ሀያት ግን ግራ አልገባትም። ጓዳ ጠራችኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አይሆንም» አለችኝ። ውጫሌ ልጅ ሳለች አብራት የምትጫወት አንዲት ልጅ ነበረች፤ እንጥሏን ተቆርጣ ደሙ አልቆም ብሏት ሞተች። ሰው ቀኗ ደርሶ ነው አለ። ሀያት ያቺን ልጅ እስከዛሬ በስሟ ነው የምታነሳት። «ጅዳ ያሳደግኳቸው ልጆች አፍንጫቸው በፈሰሰ ቁጥር ያተኩሳቸው ነበር፤ ማንም ጉሮሯቸውን አልነካም፤ ዛሬ ጎረምሶች ናቸው» አለችኝ። ሲስተር መቅደስም ሰምታ መጥታ ነበር። «ደም ቢፈስሳት ደሴ የሚያደርሳችሁ መኪና አለ?» ብላ ጠየቀችን። የለም።

«አንተ ተናገራቸው» አለችኝ ሀያት። «እኔ ብናገር አንዷ እናቴ፣ አንዷ አማቴ ናቸው። አንተ የቤቱ አባወራ ነህ።»

አባወራ! እናንተም እናታችሁንና አማታችሁን በአንድ ምንጣፍ ላይ አስቀምጣችሁ አባወራ ለመሆን ሞክሩ። ሄድኩ፤ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ «ትንሽ ቢቆይስ?» አልኩ። ሁለቱም በአዘኔታ አዩኝ። አማቴ «አብሽር ልጀ፣ አትፍራ፤ ቶሎ ነው የሚያልቅ» አሉኝ። እኔም ተመልሼ ለሀያት «ተናግሬያቸዋለሁ» አልኳት። አልዋሸሁም፤ ተናግሬያለሁ።

ቆራጩ አቶ ይማም ይባላሉ። እሳቸውም ከውጫሌ የተፈናቀሉ ናቸው፤ ከኛ ጥቂት ቤት አልፎ ዘመድ ጋ ተጠግተዋል። ክፉ ሰው አይምሰሏችሁ። ለምስጋናና ለዱዓ እንጂ ለሌላ የማይሠሩ፣ ደግ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ደንብ ብቻ አላቸው፤ የቤተሰቡ ትልቅ ሴት ልጁን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ራሱን ካልያዘችላቸው አይነኩም። መያዙ ክብር ነው። ልጁ ሲድን «እገሊት ይዛው» እየተባለ ሲነገር ይኖራል።

በማለዳ መጡ። እጃቸውን ታጠቡ፤ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን ነገራቸውን ከጎናቸው አኖሩ። ምን እንደሆነ ለማየት አልደፈርኩም። ሀያት ሀናንን እንድታመጣ ስትጠራ ቀስ ብላ መጣች፤ ፊቷ ላይ ደም አልነበረም። አስቀድማ እናቴን ጠጋ ብላ በጆሮዋ አንድ ነገር ስትላት፣ ከዚያ አማቴን ጓዳ ጠርታ ስታናግራቸው አይቻለሁ። እየለመነቻቸው ነው ብዬ አንጀቴን በላችኝ።

«እሽ፣ ማን ነው የሚይዝልኝ?» አሉ አቶ ይማም።

«እትየ ዘሐራ ናቸው እንጅ» አለች እናቴ፣ ሀናንን ወደ አማቴ እየገፋች። «የእናቷ እናት እያሉ!»

«ኸረ በአላህ!» አሉ አማቴ፣ ወደ እናቴ እየመለሷት። «እርስዎ እያሉ ማን ይያዛት? ቤቱ የርስዎ፣ ልጂቱ በርስዎ ልጅ ስም የምትጠራ!»

«እርስዎ ቤትዎን ጥለው መጥተው፣ እኔ ቀድሜ ብይዝ ሰው ምን ይለኛል?»

«ወላሂ አላደርገውም።»

«በማርያም፣ እርስዎ ይያዟት!»

ሀናን ከአንዱ ጭን ወደ ሌላው ስትመላለስ ጨዋታ መሰላትና ከነንፍጧ ሳቀች። ነገሩ እንደ ሽሮው የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። ሽሮ ግን ሲቀዘቅዝ ሰው ይርበዋል፤ እንጥል ለማስቆረጥ የሚርበው የለም። አቶ ይማም ትዕግሥተኛ ናቸው፤ ጭልጥ አድርገው ውሃ ጠጡ፣ ስለ ውጫሌ ገበያ አወሩ፣ ሁለቱንም በየተራ መከሩ። አዛን ሲሰማ «በሉ ተመካከሩ፤ ነገ እመጣለሁ» ብለው ጨርቃቸውን ይዘው ሄዱ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ትኩሳቱ ከእስካሁኑ ሁሉ ባሰ። ሀናንን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ግቢው ውስጥ ስዞር ትንፋሿ አንገቴን ይለበልበኝ ነበር። ፈራሁ። ስቆረጥ አልሞትኩም፤ የሀያት ጓደኛ ተቆርጣ ሞተች፤ ሲስተር መቅደስ ትንፋሿ ደህና ነው፣ እየጠጣች ነው፣ ጠብቁ ትላለች፤ እናቴ በመጠበቅ ያለቀ ልጅ ትቆጥርልኛለች። ማንን ልመን? አንዱን ሳምን ሌላውን ያጠፋሁ ይመስለኛል። ከአምባሰል በኩል ድምጽ ይሰማ ነበር፤ ነጎድጓድ ይሁን ሌላ እሱንም መለየት አቅቶኛል። ሀናን እንቅልፍ ሲወስዳት አንገቴ ሥር እንደተወሸቀች አብሬያት ተቀመጥኩና አለቀስኩ።

አቶ ይማም በማግስቱ መፍትሔ ይዘው መጡ። «ሁለታችሁም ያዟት» አሉ። «አንዳችሁ ራሷን፣ አንዳችሁ እግሯን።» ደስ አላቸው፤ ተጠጉ፤ ምንጣፉ ላይ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ከዚያ እናቴ ሁለቱንም እጆቿን ወደ እግሯ ሰደደች። አማቴም ወደ እግሯ።

«ኸረ እርስዎ ወደ ራሷ!»

«እኔ? እርስዎ እግር ይዘው እኔ ራስ? አላህ አያድርገው!»

አቶ ይማም ለመጀመሪያ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሱ። ዞር ብለው እኔን አዩኝ። «አንተ አባወራው፣ አንድ በል እስቲ» አሉኝ። እናቴም አማቴም አዩኝ። በሩን ተደግፋ የቆመችው ሀያትም አየችኝ። የዚያን አስተያየት አሁንም አልረሳውም፤ እምቢ በል፣ አይቆረጥም በል፣ አንዲት ቃል ናት ይላል። እኔ ግን ምን አልኩ?

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ትልቆቹ እናንተ ናችሁ።»

ሀያት የሀናንን እርጥብ ልብስ አንስታ ወደ ደጅ ወጣች፤ ስትጨምቀው ገመዱ ጋ ድረስ ያለው መሬት ሁሉ ራሰ። ወዲያው ከተራራው በኩል ከባድ ድምጽ መጣና የመስኮቱ መስተዋት ተንቀጠቀጠ። አሁን ነጎድጓድ አለመሆኑን ሁላችንም አወቅን። አቶ ይማም ጨርቃቸውን ጠቅልለው ወደ ዘመዶቻቸው ተጣደፉ፤ እኛም በር ዘግተን ሀናንን መሀል አድርገን ተቀመጥን። ያን ቀን ማን ከማን ቀድሞ እንደተቀመጠ አላስታውስም።

ሲነጋ ሀናን አልጋው ላይ ተነሥታ ቁጭ ብላለች። ፀጉሯ በላብ ረጥቦ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። አፍንጫዋ እንደ ወትሮው ይፈስሳል፤ ሳሏም አለ። ትኩሳቱ ግን የለም። «ቁላል» አለች፤ የአማቴ ዶሮ ደግሞ ሐይቅ ከመጣች ለመጀመሪያ ጊዜ ጥላ ነበር። ሀያት የእጇን ጀርባ አሳረፈችባት፤ እናቴ አሳረፈች፤ አማቴ አሳረፉ፤ ሲስተር መቅደስ አሳረፈችና ልብሷን ሳታወልቅላት ስለማታልፍ ጋቢውን ገፈፈች። እኔም አሳረፍኩ። በዚያ ሰሞን ሁሉም እጅ አንድ ፍርድ ሲሰጥ ያየሁት ያን ጧት ነው።

«የርስዎ ዱዓ ነው እትየ ዘሐራ» አለች እናቴ።

«ኸረ የርስዎ ጸበል ነው!» አሉ አማቴ። «የኔማ ከመቸ ወዲህ?»

አቶ ይማም ሲመጡ እንቁላሏን እየበላች አገኟት። አፏን እንኳ ሳያዩ «ዓለሙን ሁሉ ያድንልን» ብለው መረቁና ተመለሱ። ደስ ያላቸው መሰለኝ። ትኩሳቱ በራሱ ጊዜ ሄደ ያለችው ሲስተር መቅደስ ብቻ ናት፤ እሷን ደግሞ ማንም አላመሰገነም።

እኔ ግን ነገሩ ከነከነኝ። እነዚህ ሴቶች በክብር ሲገፋፉ አውቃለሁ፤ በስተመጨረሻ ግን ሽሮው ይበላል፣ በሩም ይገባል። ይኼኛው እንዴት ሁለት ቀን ሙሉ አልፈታ አለ? ሀያት ልብስ ስታሰጣ አጠገቧ ቆሜ ጠየቅኋት። መቆንጠጫውን ከአፏ አወጣች።

«ለእማየ ጥሩነሽ ‹እናቴ ቤቷን ጥላ መጥታለች፤ ልጅ የመያዝ ክብሯን ደግሞ ከወሰዱባት ሆዷ ይሰበራል› አልኳቸው። ለእናቴ ‹አማቴ በገዛ ቤታቸው እንግዳ ከቀደማቸው ሰፈሩ ይታዘባቸዋል› አልኳት።»

«አሳሳትሻቸው!»

«የቱ ነው ውሸቱ?»

አሰብኩ። ውሸት የለበትም። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱም ደግሞ ደግነት ነው። እኔ ልመና የመሰለኝ ሹክሹክታ የልጄ ጉሮሮ በር ላይ ሁለት ዘበኛ ማቆም ኖሯል። ዘበኞቹም ዘበኛ መሆናቸውን አያውቁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚስቴን እወዳታለሁ፤ ትንሽም እፈራታለሁ።

«እኔ ተናገርልኝ አልኩህ» አለች መቆንጠጫውን ገመዱ ላይ እየሰካች። «አንተ ‹እኔ ምን አውቃለሁ› አልክ።» ድምጿ ቁጣ አልነበረበትም። ይቅርታ አደረገችልኝ ብዬ ወደ ሱቄ ሄድኩ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ለእኔ ጥሩ ነበር። አላለቀም። ልጅ አንገታችሁ ሥር ተወሽቃ ስታስነጥስ ከዋለች ምን እንደሚከተል ታውቁታላችሁ። ጥቂት ቆይቶ ጉሮሮዬን ከረከረኝ፣ አጥንቴን ቆረጠመኝ፣ ከዚያ ያ ትኩሳት መጣ። አልሰጋሁም። እንዲያውም አልጋዬ ላይ ተንጋልዬ በልቤ ፈገግ አልኩ። እናቴና አማቴ «እርስዎ ይቅደሙ» ሲባባሉ እኔ ውሃዬን እየጠጣሁ፣ ቀለል ብዬ ለብሼ፣ ሲስተር መቅደስ እንዳለችው በሰላም እጠብቃለሁ።

ሁለቱም በአንድ ጊዜ ገቡ። በሩ ላይ እንኳ አልተገፋፉም። እናቴ ራሴን ያዘች፤ አማቴ እግሬን ያዙ፤ ማንም ማንንም «እርስዎ» አላለም። ዳማከሴው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፤ ጸበሉ ፊቴ ላይ ተረጨ፤ ጋቢ መጣ፤ ሌላ ጋቢ መጣ፤ ፍራሻቸውን ጥለው የመጡ የውጫሌ ሰዎች ሳይቀሩ ብርድ ልብስ አዋጡ። እኔ ከሥር ሆኜ እንደ ድንች እቀቀላለሁ። «ኸረ እናንተ ሰዎች፣ ክብራችሁስ?» ብል የሚሰማኝ አልነበረም። አዋቂ ወንድ ሲታመም ለካ የሚሰጥም የሚነጠቅም ክብር የለበትም።

በመጨረሻ ሀያት ሀናንን ታቅፋ ገባች። ተመስገን አልኩ። ጋቢ መግፈፍ የምታውቅ፣ ጅዳ ልጅ ያሳደገች፣ ሁለት ባልቴቶችን በሁለት ቃል ያስቆመች ሚስቴ መጣችልኝ። በዓይኔ ለመንኳት፤ እምቢ በይ፣ በቃ በይ፣ አንዲት ቃል ናት አልኳት። ሁለቱ እናቶች ቀና ብለው ፍርዷን ጠበቁ።

ሀያት የእጇን ጀርባ ግንባሬ ላይ አሳረፈች። ዓይኗን ወደ ጣራው ሰቅላ ትንሽ አሰበች።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች፤ «ትልቆቹ እናንተ ናችሁ።»

ይህን ብላ የሀናንን ጋቢ ከትከሻዋ አውርዳ ጨመረችልኝ።